«አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ያድናል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የወርክሾፑ ፕሮስቴቲስት፣ ማለትም ታካሚውን መርምሮ ሰው ሠራሽ እግር የሚለካና የሚገጥም ባለሙያ፣ ለቋል። አንተ ቴክኒሺያን ነህ። ኃላፊህ ደግሞ «እጅህ ጎበዝ ነው፣ ልኬቱንም አንተው ውሰድ» ይልሃል። አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል ነው ያልከው። አጭሩ መልስ፣ ሁለታችሁም። ረጅሙ ከራሴ ጉድ ይጀምራል።

ዓመታት አልፈዋል። ከጉልበት በታች የተቆረጡ፣ ስኳር ያለባቸው አባት ሰው ሠራሽ እግራቸውን አድርገው መጡ። «እዚህ ጋ ትንሽ ይዞኛል ልጄ» አሉና ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል ያለችውን አጥንት ነኩ። የፊቡላ ራስ ናት። ነርቭ በአጠገቧ ስለሚያልፍ ሶኬቱ (የተቆረጠው እግር፣ ጉቶው፣ የሚገባበት ክፍል) እንዲጫናት አይፈለግም። ውጪ ሰልፍ ነበር። ሂት ጋኑን (የሞቀ አየር የሚነፋውን መሣሪያ) አነሳሁ፣ የሶኬቱን ፕላስቲክ አሙቄ ገፋ አደረግኩት፣ ሲቀዘቅዝ አስለብሼ ሸኘኋቸው። ጉቶው ላይ የሚለብሱትን ካልሲ አላስወለቅኩም። ካርዳቸው ላይም አንድ መስመር አልጻፍኩም። ለማስተካከያ ደግሞ ምን ካርድ ያስፈልጋል ብዬ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ካልሲው ሳይወልቅ ሽታው ቀደመ። ቁስሉ እኔ ባሞቅኩት ቦታ አልነበረም፣ በጉቶው ጫፍ ላይ ነው። ምናልባት ያን ቀንም ነበር። ስኳር ያደነዘዘው እግር ቆስሎም ሕመም ላይሰማው ይችላል። ምናልባት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ አላየሁማ! ጉዳዩን እንዲያዩ የተመደቡት ሰዎች «ለምን አሞቅከው?» አላሉኝም። መጀመሪያ ያሉኝ «ካርዱ የታለ?» ነው። ልጅቷ ማረችኝና ፍርድ ቤት ሳልቆም ቀረሁ።

ጠበቃ አይደለሁም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕጉን ገልጬ አነበብኩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። በቸልተኝነት የሙያውን ዕውቀት ወይም ጥበብ ከጣሰ ይጠየቃል። ተጎጂው ካሣ ለመጠየቅ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 2 ዓመት አለው። አሠሪም ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ይህ ግን አንተን ነፃ አያወጣህም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳትን ሲቀጣ፣ እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሰው ደኅንነት አደራ ያለበትን ሰው ጠበቅ አድርጎ ነው የሚያየው። «አዞኝ ነው» የምትለው ነገር ብዙ ርቀት አይወስድህም።

አሁን ወደ አንተ። የዓለም አቀፉ የሙያችን ማኅበር የኢስፖ (ISPO) የባለሙያ ክፍፍል ፕሮስቴቲስት ኦርቶቲስት፣ አሶሺየት፣ ቴክኒሺያን ይላል። ድሮ ካቴጎሪ 1፣ 2፣ 3 የምንለው ነው። ቴክኒሺያን ይሠራል፣ ይገጣጥማል፣ ይጠግናል። ታካሚውን መመርመር፣ በጀሶ ልኬት መውሰድና ሶኬቱን አካሉ ላይ መሞከር የእሱ አይደለም። እኛ አገር ሰው ስለሚያንስ መስመሩ እንደሚደበዝዝ አውቃለሁ፣ እኔም ደብዝዤበታለሁ። ስለ ችሎታህ አልጠራጠርም። አንዳንድ ቴክኒሺያን ከፕሮስቴቲስት የተሻለ ጀሶ ይጠቀልላል። ችግር ሲመጣ ግን የሚጠየቀው «ይህ ሰው እግር ለማድረግ ደርሷል ብሎ የወሰነው ማነው?» ተብሎ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ፈቃድህ አላስቀመጠህም።

ስለዚህ የቶርኖና የመገጣጠሙን ሥራ ቀጥል፤ ልኬቱን አትንካ። ለኃላፊህ በቃል አትመልስለት። በቴሌግራምም ቢሆን ጻፍለት፣ «ልኬትና ሙከራ ከፈቃዴ ውጪ ነው፣ ፕሮስቴቲስት እስኪመጣ ታካሚዎቹን ወደ ሌላ ማዕከል እንላክ» በል። በቃል ያዘዘ ሰው ሲጠየቅ ምንም አያስታውስም። ለጥገና ለሚመጣም ቢሆን ካርድ ይውጣ። የተከፈተ ቁስል ካየህ እግሩን መልሰህ አታስለብስ፣ ወደ ሐኪም ላከው፣ መላክህንም ጻፍ። ቤት ድረስ ሄዶ ለዘመድ ማስተካከሉም ይቅርብህ፤ እዚያ ካርድም ምስክርም የለም።

እኔ አሁን ቀን፣ የቆዳው ሁኔታ፣ የካልሲ ብዛት፣ የነካሁት ቦታ፣ ተራምደው ያሉኝን እጽፋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ልኬት የሚጠብቁ ስንት ሰዎች አሉህ? አቅራቢያህ ያለውን ማዕከል አብረን እንፈልግ።