ካውንስሉ ወሰነ ማለት ገንዘቡ ታሰረ ማለት አይደለም

እህቴ፣ ግሩፓችን ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ትናንት ማታ አየሁት። እንቅልፍ ነሳኝ። ሌሎቹም እንዲገባቸው ባጭሩ ልድገመው። 3 ሺህ ሰው በማይሞላባት የአሜሪካ ከተማ በክለርክነት (በከተማዋ የጽሕፈትና የመዝገብ ኃላፊነት) ተቀጥረሻል። ከአንቺ በፊት የነበረችው ሴት ጡረታ ወጥታለች። ባንክ ውስጥ ከኮቪድ ማገገሚያው የፌዴራል ገንዘብ፣ እኛ አርፓ ከምንለው፣ ወደ 140 ሺህ ዶላር ተቀምጧል። ሜየሩ "ካውንስሉ በ2023 ለውሃ ብሎ ወስኖበታል፣ እቅድ አውጪና እንጨርሰው" ብሎሻል። እንዴት ላቅደው ነው ጥያቄሽ።

እቅዱን ለጊዜው ተዪው። ነገ ቢሮ እንደገባሽ ኮንትራት ፈልጊ። እኔም አሜሪካ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማ ክለርክ ነኝ። 2,400 ሰው ነው ያለን። ቢሮው ውስጥ ሦስት ነን። እኛ ላይ የደረሰው አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

1ኛ፦ የተፈረመበትን ቀን እዪ። ይህ ገንዘብ ሁለት ቀነ ገደብ አለው። በውል ወይም በግዥ ትዕዛዝ መታሰር፣ ማለትም ለሌላ ወገን የመክፈል ግዴታ የተገባበት መሆን የነበረበት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ነው። ተከፍሎ ማለቅ ያለበት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። በመጀመሪያው ቀን ያልታሰረ ገንዘብ ለትሬዠሪ (ለአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር) ይመለሳል። የካውንስል ውሳኔ ውል አይደለም። በጀት ላይ መጻፉም ውል አይደለም። ቃለ ጉባኤ ላይ ሁሉም እጁን አውጥቶ ቢያጸድቀው እንኳ ሌላ ወገን ካልፈረመበት አልታሰረም። ሜየርሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የኛውም ሜየር እንደዚያው ነበር የሚያስበው። እኔም ጭምር።

2ኛ፦ አማካሪ ያለውን ሁሉ አትቀበዪ። ይህቺን ነጥብ በአንድ መስመር ላልፋት ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

ሕጉ በማርች 2021 ሲፈረም ለኛ መጠን ከተሞች የሚሆነው ገንዘብ በስቴቱ በኩል እንደሚመጣ ተነገረን። ግማሹ በ2021፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ። ለኛ በድምሩ 612 ሺህ ዶላር ደረሰን። በቢሮው ታሪክ እንዲህ ያለ ቼክ አልታየም። ወዲያው ሁሉም የራሱን ሐሳብ ይዞ መጣ። አንዱ ለፓርኩ ዳስ እንሥራ አለ፣ ሌላው የፖሊስ መኪና። እኔ ሕዝቡን ሰብስበን እንጠይቅ ብዬ ተከራከርኩ። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። በዚያ ስብሰባ አንዲት 80 ዓመት ያለፋቸው እናት ከቧንቧቸው የቀዱትን ውሃ በብርጭቆ ማሰሮ ይዘው መጡ። ቡናማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ምንም ሳይናገሩ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳስ ያነሳ የለም።

200 ሺህ ገደማው ለውሃ መግፊያው ጄኔሬተርና ለሌሎች አስቸኳይ ነገሮች ዋለ። የቀረው 410 ሺህ ለሦስት መንገዶች የውሃ ቧንቧ መቀየሪያ እንዲሆን በጁን 2022 ተወሰነ። ለኢንጂነር 46 ሺህ ፈረምን። በወቅቱ በነበረው ግምት ቀሪው ለሦስቱም መንገዶች ይበቃ ነበር። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ዙሪያችን ያሉት ከተሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቧንቧ ሊቀይሩ ተነሥተዋል። ኢንጂነሮቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ዲዛይኑ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ።

በዚህ መሃል 15 ሺህ ዶላር የከፈልነው አማካሪ ድርጅት አለ። ስሙን አልጠራም። ገንዘቡን ሪፖርት ላይ "የውሃ መሠረተ ልማት" በሚለው ክፍል አስገባው። ሥራው የውሃ ነውና ትክክል መሰለኝ። ግን እዚያ ከገባ የፌዴራሉ የግዥ ደንብ አብሮት ይመጣል። በወቅቱ ከ250 ሺህ በላይ ለሆነ ግንባታ የታሸገ ጨረታ፣ የወረቀት መዓት። በ2024 መጀመሪያ ላይ "ገንዘቡ ታስሯል ወይ?" ብዬ በኢሜይል ጠየቅኩት። "ካውንስላችሁ ወስኗል፣ አልቋል" ብሎ መለሰልኝ። ኢሜይሉ አሁንም አለኝ። ትሬዠሪ እኮ ገና በኖቬምበር 2023 መታሰር ማለት ምን እንደሆነ የሚያብራራ ደንብ አውጥቶ ነበር። እሱ አላነበበም። እኔም እሱ አንብቧል ብዬ አላነበብኩም።

በሴፕቴምበር 2024 የክለርኮች ሥልጠና ላይ ተቀምጬ አሠልጣኟ "ሪዞሉሽን (የካውንስል ውሳኔ) ውል አይደለም" ስትል ሰማሁ። ምሳ አልበላሁም። መኪና ውስጥ ገብቼ አንድ የሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ንግግሬን ሳልጨርስ "ከከተማው አንድ መናገር የሚችል ሰው አስደውልልኝ" አለኝ። የከተማው ክለርክ እኔ ነኝ አልኩት። ዘጋው። 364 ሺህ ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ሊመለስ ሦስት ወር ቀርቶት በአነጋገር ዘዬዬ ምክንያት ስልክ ተዘጋብኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ይሄኔ ነው እዚህ ግሩፕ ውስጥ እርስ በርስ መደጋገፍ አለብን ብዬ የወሰንኩት።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የትሬዠሪን ደንብና ጥያቄና መልስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ያዳነንን እዚያ አገኘሁት። አንቺም በደንብ ያዢው። ይህ ገንዘብ የሚውልባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱ "የጠፋ ገቢ መተኪያ" ነው። ማንኛውም ከተማ ምንም ስሌት ሳይሠራ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ገቢ እንደጠፋበት ቆጥሮ መውሰድ ይችላል። የኛ ዓይነት ከተማ ከተሰጠው ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ክፍል የገባ ገንዘብ ከተማ ለሚሠራው መደበኛ አገልግሎት ሁሉ ይሆናል። ፖሊስ፣ በረዶ ጠረጋ፣ መንገድ፣ የሠራተኛ ደሞዝ። ከማርች 3 ቀን 2021 ጀምሮ የወጣ ወጪም ይቆጠራል። አብዛኛው የፌዴራል የግዥ ደንብም አይመለከተውም። የከተማሽና የስቴትሽ የግዥ ሕግ ግን እንዳለ ነው።

እኛ ምን አደረግን? ገንዘቡን ወደዚያ ክፍል አዛወርነው። የፖሊስና የመንገድ ሠራተኞችን ደሞዝ ከአርፓው እንደተከፈለ መዘገብን። በዚያው ልክ ከከተማዋ የራሷ ካዝና 364 ሺህ ተረፈ። ካውንስሉ ያንን በድንጋጌ ለቧንቧው ብቻ አስቀመጠው። ያ የራሳችን ገንዘብ ነው። የፌዴራል ቀነ ገደብ የለበትም። ሁሉንም በዲሴምበር 2024 ሁለተኛ ሳምንት ጨረስን። የደሞዝ መዝገቡን ያዘጋጀሁት ብቻዬን ነው፤ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። አንድ ዶላር አልመለስንም።

ግን የባከነው ጊዜ ዋጋ አስከፈለን። በ2022 ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ያኔውኑ በደሞዝ ዘግተን፣ በራሳችን ካዝና ጨረታውን ቀደም ብለን እናወጣ ነበር። በ2025 ጨረታ ስናወጣ ዋጋው ንሯል። ገንዘቡ ለሁለት መንገድ ብቻ በቃ። ሦስተኛው ቀረ። ሦስተኛው ማሰሮውን ይዘው የመጡት እናት መንገድ ነው። እስከ አሁን ቡናቸውን የሚያፈሉት በገዙት ውሃ ነው። በቀጣዩ በጀት ውስጥ እንዲገባ እየታገልኩ ነው።

3ኛ፣ 4ኛ እያልኩ ልቀጥል ነበር፤ ረዘመ። ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ።

ያለፈውን ሪፖርት አውጪ። እንደኛ ያሉ ትናንሽ ከተሞች በዓመት አንዴ፣ እስከ ኤፕሪል 30 ያስገባሉ። ከአንቺ በፊት የነበረችው ሴት በ2025 ሪፖርት 140 ሺሁን "ታስሯል" ብላ ከሆነ በየትኛው ውል እንደሆነ ፈልጊ። ውሉ ካለ እፎይ በዪ፣ በ2026 መጨረሻ ኢንቮይሱ ተከፍሎ እንዲያልቅ ብቻ ተከታተዪ። ሥራው ከታሰበው በርካሽ አልቆ የተረፈ ካለም እስከ 2024 መጨረሻ ወደታሰረ ሌላ የተፈቀደ ወጪ ማዛወር ይቻላል። ውል ከሌለ ግን አትደብቂው። የ2022፣ የ2023 እና የ2024ን የደሞዝ መዝገብ ሰብስቢና ሪፖርቱን እንዴት እንደምታርሚው ትሬዠሪን በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። በስልክ የተባለ ነገር ኦዲተር ፊት አይቆምም።

የሪፖርቱ መግቢያ አካውንት በጡረተኛዋ ስም ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ስምሽን አስገቢ። ኤፕሪል ላይ ስትሞክሪው በሩ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። የሳም (የፌዴራል ገንዘብ ተቀባዮች መመዝገቢያ ድረ ገጽ) ምዝገባችሁም በየዓመቱ ይታደሳል። ነፃ ነው። "እናድስላችሁ" እያሉ 600 ዶላር የሚጠይቁ ኢሜይሎች ይመጣሉ፤ አትክፈዪ። እኛ አንዴ ከፍለናል።

ገንዘቡ ለጡረታ ፈንድ ማጠራቀሚያ፣ ለብድር ክፍያና ለመጠባበቂያ ሂሳብ አይውልም። የገቢ መተኪያው ክፍልም ይህን አይፈቅድም። ካውንስል ውስጥ አንድ ሰው ማንሳቱ አይቀርም።

ኦዲት ደግሞ አለ። ደሞዙን በመዘገብንበት ዓመት አርፓውና የፌዴራል የውሃ ብድራችን ተደምረው በወቅቱ ኦዲት ግዴታ የሚሆንበትን 750 ሺህ አለፉ። ለሙሉ የፌዴራል ኦዲት 22 ሺህ ዶላር ተጠየቅን። ከ10 ሚሊዮን ያልበለጠ አርፓ ለተቀበሉና ሌላው የፌዴራል ወጪያቸው ብቻውን 750 ሺህ ለማይደርስ ከተሞች በወቅቱ የቀለለ ምርመራ ይፈቀድ እንደነበር ያወቅሁት እዚያው ሰነድ ውስጥ ነው። ኦዲተሩ አልነገረኝም። ጠይቄ ነው ያገኘሁት፤ ከግማሽ በታች ከፈልን። ወረቀቱን ሁሉ ደግሞ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ 5 ዓመት ማቆየት ግዴታ ነው። እኔ በሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ።

የካውንስሉን የ2023 ውሳኔና ከዚያ በኋላ የተፈረሙትን ውሎች ስታገኚ፣ የከተማዋንና የሰዎቹን ስም ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። በተለይ የኢንጂነሩን ውል ላኪልኝ፤ የኛ ኢንጂነር ውል ውስጥ ማንም ያላየው የግንባታ ቁጥጥር ክፍያ ነበረበት፣ ያም እንደታሰረ ተቆጥሮልናል።