ጥያቄና መልስ፦ ሕንፃ ለምን ይወድቃል?

የስትራክቸር ዲዛይን ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ልጀምር።

ሕንፃ የሚወድቀው ቢሙ (አግዳሚ ተሸካሚው) ወይም ኮለኑ (ቋሚ ምሰሶው) ሲቀጥን ነው አይደል?

እሱም አለ። እኔ ግን ስዕል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው መገጣጠሚያውን ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የወደቀውን የሆቴል መተላለፊያ እዩ። ሁለት መተላለፊያዎች፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ ከጣሪያ በብረት ዘንግ ተንጠልጥለዋል። በመጀመሪያው ስዕል አንድ ረጅም ዘንግ ሁለቱንም ይይዛል። ለመግጠም ስለሚያስቸግር ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው ቢም ላይ ተንጠለጠለ። በቃ፣ የላይኛውን ብቻ ትሸከም የነበረችው ዳዶ የሁለቱም ጭነት መጣባት። ቢሙን በስታ ወጣች። 114 ሰው ሞተ። ወረቀት ላይ ብታዩት ለውጡ ኢምንት ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ እንደገና አላሰላውም።

ታዲያ ሴፍቲ ፋክተሩ (ለጥንቃቄ የሚጨመረው ትርፍ አቅም) ምን ሠራ?

ፋክተር የሚቀመጠው ጭነቱ ትንሽ ቢበዛ፣ ኮንክሪቱ ትንሽ ቢደክም ተብሎ ነው። ጭነት እጥፍ ሲሆን አይችልም። እዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ዲዛይን ራሱ ኮዱ (የከተማው የሕንፃ ደንብ) ከሚጠይቀው አቅም 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነበረው።

ባለቤቱ ኮለን እናቅጥን፣ ፎቅ እንጨምር ቢልስ?

እንደገና ሳይሰላ በፍጹም። በ1995 እ.ኤ.አ. ሴኡል ውስጥ የፈረሰው ሳምፑንግ የገበያ ሕንፃ ቢም አልነበረውም፤ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) በቀጥታ ኮለን ላይ ነው ያረፈው። 80 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረባቸው ኮለኖች 60 ሆኑ፣ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ፣ ጣሪያው ላይ ከባድ የማቀዝቀዣ ማሽኖች ተጎተቱ። እንዲህ ያለው ሶሌታ ሲሸነፍ ኮለኑ በስቶት ያልፋል፤ ቀስ ብሎ ጎብጦ ጊዜ አይሰጥም። 502 ሰው አለቀ።

ሶፍትዌር እያለ በእጅ ማስላት ምን ያደርጋል?

ሶፍትዌሩ የሰጣችሁትን ነው የሚያሰላው። በ1991 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ የስላይፕነር የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ የኮንክሪት መሠረት ሲሰምጥ፣ የኮምፒውተር ሞዴሉ የሸር ኃይሉን (ኮንክሪቱን እንደ መቀስ የሚቆርጠውን ኃይል) በ47 በመቶ አሳንሶት ነበር። ግማሽ ገጽ የእጅ ሒሳብ ባይፈታው እንኳ ያስጠረጥር ነበር።

ቤቴ ተሰንጥቋል፣ ልፍራ?

ልስን ላይ ያለ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ቢም ከኮለን በሚገናኝበት ሰያፍ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ቶሎ መሐንዲስ ጥሩ። እስኪመጣ ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉ። ከምልክቱ ካለፈ፣ ከሥሩ አትደሩ።