ከእጃችሁ ስለሚወጣው ወረቀት፦ ለጀማሪ የጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ነጭ ጋወን ለብሳችሁ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት ወይም ከመንገድ የራቀ ጤና ጣቢያ ሥራ ለምትጀምሩ ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በመድኃኒት ማደያ መስኮት ኋላ ነው። ሐኪሙ የጻፈውን ሕመምተኛው ከመዋጡ በፊት የመጨረሻው አንባቢ ፋርማሲስቱ ነውና ስለ አጻጻፍ ባወራ አይፈረድብኝም።

የሕክምና ቃላት ሲበዙባችሁ ከሽምደዳ በፊት የቃላቱን ሥር ያዙ። አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ናቸው። «አይተስ» ካያችሁ የአካል መቆጣት ነው፣ «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት፣ «ኤሚያ» ደምን የሚመለከት። ይህን የያዘ ተማሪ አፔንዲሳይተስን (የትርፍ አንጀት መቆጣትን) ከአፔንዴክቶሚ (ትርፍ አንጀትን ቆርጦ ከማውጣት) አያምታታም። አጥብቃችሁ የምትጠነቀቁት ግን «ሃይፖ» (ማነስ) እና «ሃይፐር» (መብዛት) ላይ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ስልክ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲነገሩ አንድ ዓይነት ይሰማሉ፤ ነገሩ የደም ስኳር ከሆነ የአንዱ ሕክምና ስኳር መስጠት፣ የሌላው ኢንሱሊን ነው። በስልክ ስትነጋገሩ የስኳሩን ቁጥር ከነመለኪያው ተናገሩ፣ ያዳመጠው ሰውም ይድገምላችሁ።

ምሕጻረ ቃል ጊዜ ይቆጥባል፤ ሰልፉ በር ድረስ ሲደርስ እኔም ጥቅሙን አውቃለሁ። ችግሩ አንዱ ፊደል ብዙ ጌታ ማገልገሉ ነው። «ኦዲ» በአንዱ ማዘዣ በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ በዓይን ክፍል ደግሞ ቀኝ ዓይን። «ኤምኤስ» ለአንዱ ሞርፊን ነው፣ ለሌላው ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ለልብ ሐኪሙ ደግሞ የልብ በር መጥበብ። «ኪውዲ» በችኮላ ሲጻፍ «ኪውአይዲ» ይመስልና በቀን አንዴ የታዘዘው አራት ጊዜ ይሆናል። «ዩኒት» በአንድ የላቲን ፊደል ሲያጥር ዜሮ ይመስላል፤ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ሆኖ ይነበባል። በአሜሪካ ለሆስፒታሎች እውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ከእነዚህ አብዛኞቹን «አትጠቀሙ» ብሎ በዝርዝር አውጥቷቸዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ የነጥብ ነገርም አለ፤ 1.0 ሚሊግራም ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ነው፣ .5 ደግሞ 5 ነው። ስለዚህ 1 ብላችሁ ጻፉ፣ 0.5 ብላችሁ ጻፉ። በእኔ እምነት እነዚህን ዘርዝሮ ለመጻፍ ጊዜ የሚያንሰው ባለሙያ የለም።

እኛ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ፤ ሰዓቱና ቀኑ። ሪፈር ወረቀት ላይ 5/2 ተብሎ የተጻፈው ጥቅምት 5 ነው ወይስ የፈረንጆች ፌብሩዋሪ 5? ለነፍሰ ጡር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። እናቲቱ የመጨረሻ የወር አበባዋን የምትነግራችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የመውለጃዋን ቀን ለማግኘት መጽሐፉ የሚያስተምራችሁ ግን 7 ቀን ጨምሮ 3 ወር መቀነስን ነው፣ በፈረንጅ ወር። በእኛ ወር 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሩ፤ ጥቅምት 5 ከሆነ ሐምሌ 15 ላይ ያርፋል። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትንም አትርሱ።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። በርኖስ የደረቡ አንዲት እናት ከመንዝ መጥተው ማዘዣ ዘረጉ እንበል፤ አሞክሲሲሊን፣ 500 ሚሊግራም፣ ቲአይዲ፣ ለ7 ቀን። «በቀን ሦስት ጊዜ» ብላችሁ ብትሰጧቸው «እሺ ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» በሏቸው። ዐቢይ ጾም ከሆነ ደግሞ «እማማ፣ ይጾማሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማዘዣው ላይ «ፒሲ»፣ ማለትም ከምግብ በኋላ፣ የሚል መድኃኒት ካለ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ እናት ሦስቱን ጊዜ ወደ አንድ ማጠፋቸው አይቀርም፤ ዝም ብለው ነው የሚያደርጉት፣ ለማንም አይናገሩም። በረመዳን ወደ ይፋት ቆላ የምትመደቡም ይኸው ይጠብቃችኋል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙን አማክሩት፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ ሊኖር ይችላል። ከዚያ «እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ» በሏቸው። ራሳቸው ሳይናገሩ ከመስኮቱ እንዳይሄዱ። ማንበብ ለማይችሉት በፓኬቱ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ሣሉላቸው።

ምሕጻረ ቃልን ምስጢር መጠበቂያ የሚያደርጉ አሉ። ኤችአይቪን «አርቪአይ» ብለው ይጽፉና ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትተው ይሄዳሉ። ያቺን ሦስት ፊደል የጽዳት ሠራተኛውም አስታማሚውም ያውቃታል። ምስጢር የሚጠበቀው ካርዱን በመዝጋትና ለማይመለከተው ባለመስጠት ነው፤ ይህን የምለው በጣም ስለሚያሳዝነኝ ነው።

የማይነበብ ማዘዣ ሲደርሳችሁ አትገምቱ። በላቲን «ኤኤም...» የሚለውን ጅማሬ አይታችሁ አሞክሲሲሊን ይሆናል አትበሉ፤ አምሎዲፒንም በተመሳሳይ ፊደላት ይጀምራል፣ እሱ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ሕመምተኛውን ወንበር ሰጥታችሁ ያዘዘውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁት። አዛዦችም ስማችሁንና ስልካችሁን በግልጽ ጻፉ፣ ሲደወልላችሁም በደህና ድምፅ መልሱ፤ አንድ ጊዜ የተቆጣችሁበት ጀማሪ ሁለተኛ አይደውልላችሁም።