መልስ፦ ተመቶ የሮጠ አጋዘን ተስቷል ማለት ነው?

ሰላም የደሴው ልጅ። በስኮትላንዱ ቪዲዮ ላይ አጋዘኑ ተተኩሶበት ለምን እንደሮጠ ጠይቀሃል። አልተሳተም። ልብና ሳንባው የተመታ እንስሳ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ዘለል ይልና 50 ወይም 100 ሜትር ሮጦ ይወድቃል። አንጎሉ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ለጥቂት ሰከንድ ያስሮጠዋል።

ጥሩ አዳኝ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ከዚያ ከፊት እግሩ ትንሽ ኋላ፣ ከደረቱ ሥር ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ያልማል። ራስ ላይስ ላልከው፣ እኔ አልወደውም። ኢላማው ጠባብ ነው፣ እንስሳው ደግሞ ራሱን ድንገት ያዞራል። መንጋጋው ተሰብሮ ካመለጠ በረሃብ ነው የሚሞተው።

ከተኩሱ በኋላ ደሙን ማየት ነው። ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው። ጠቆር ብሎ የታኘከ ሣር ከተቀላቀለበት ጨጓራ ተመቷል። እንዲህ ያለው ጀርባውን አጉብጦ እያዘገመ ይሄዳል። ወዲያው ከተከተልከው ስቃዩን ይዞ ይርቃል፤ ካልነካኸው ግን ቅርብ ቦታ ይተኛል። ስለዚህ ሰዓታት መጠበቅ ግድ ነው።

ደግሞ አደራ፣ ይህን አንብበህ እዚያው ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ለአደን እንዳትወጣ! እዚያ ያለው የምኒልክ ድኩላ የሚባለው እንስሳ የሚኖረው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፣ አይነካም።