መልስ፦ ተራዬ እኔ በሌለሁበት ቢደርስስ?
ለሁለት ወር ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ በሲያትል ቤተ መጻሕፍት ወረፋ የያዙላቸውን መጻሕፍት መሰረዝ ይኖርብዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። በፍጹም አይሰርዙ! ከሰረዙ ሲመለሱ ከወረፋው መጨረሻ ይጀምራሉ።

በኢንተርኔት ወደ መለያዎ ገብተው የመጽሐፍ ጥያቄዎቹን ለጊዜው ያቁሟቸውና የሚቀጥሉበትን ቀን ይሙሉ። ብዙ ሰው ተራዬን አጣለሁ ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱ ግን ከንቱ ነው። ከፊትዎ ያሉት መጽሐፉን በወሰዱ ቁጥር የቆመው ጥያቄዎም ወደ ፊት ይጠጋል። አንደኛ ከደረሱ በኋላ መጽሐፉ እርስዎን አልፎ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል እንጂ ቦታዎን የሚነካ የለም።

መጠንቀቅ ያለብዎት ሌላ ነው። መጽሐፉ አንዴ ወደ ቅርንጫፍዎ መጓዝ ከጀመረ፣ ወይም መጥተው እንዲወስዱት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ሻንጣ እስኪዘጋ አይጠብቁ። የሚቀጥልበትንም ቀን ከመመለሻዎ አንድ ሁለት ቀን ያሳልፉት፤ የአውሮፕላን ነገር አይታወቅም።

በሊቢ መተግበሪያ የሚዋሷቸው ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ደግሞ ከዚህም ይቀላሉ፤ ተራዎ ደርሶ እንኳ በ3 ቀን ውስጥ «በኋላ ይምጣልኝ» ማለት ይችላሉ።