ፎቶ ማስገባቱ እዚያው ቦታ ላይ ሲቆም

ጥያቄ፦ ከካሜራዬ ሚሞሪ ካርድ 800 ያህል ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተሬ የፎቶ ላይብረሪ ሳስገባ 340 አካባቢ ሲደርስ ይቆምና «አንዳንድ ፋይሎች ሊነበቡ አልቻሉም» ይለኛል። ብደጋግመውም ያው ነው። ካርዱን ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ፎርማቱ ይቆይ። ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ እስኪቀመጡ ድረስ በካርዱ አዲስ ፎቶ አያንሡ፤ ከላዩም ምንም አይሰርዙ። ፕሮግራሙ «ከገባ በኋላ ከካርዱ ይሰረዝ» የሚል ምርጫ ካለው እሱንም ያጥፉት። በእኔ አስተያየት ይህ ምርጫ ጭራሽ ባይኖር ይሻል ነበር።

የስህተት መልእክቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይነግርዎትም፤ የሚቆምበት ቦታ ግን ይናገራል። በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ ቢቆም ኖሮ ገመዱን፣ የካርድ ማንበቢያውን ወይም የዩኤስቢ መሰኪያውን እጠረጥር ነበር። የእርስዎ ሁልጊዜ እዚያው ስለሚቆም ምናልባት አንድ የተበላሸ ፋይል አለ፤ አለዚያም ካርዱ ላይ የማይነበብ ቦታ ተፈጥሯል።

ስለዚህ የፎቶ ፕሮግራሙን ይዝጉና ካርዱን ከፍተው ካሜራው ፎቶዎቹን የሚያስቀምጥበትን «ዲሲአይኤም» (DCIM) የሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ። በቂ ቦታ መኖሩን አስቀድመው ይዩ። ግልበጣው አንድ ፋይል ላይ ከተደናቀፈ ስሙን መዝግበው ይዝለሉትና ሌሎቹን ይቀጥሉ። ሁሉም ያለ እንከን ከተገለበጠ ማንበቢያውንና ገመዱን መጠርጠር ይተዉ።

ከዚያ የተገለበጡትን ፋይሎች በመጠን ይደርድሩ። ሌሎቹ 6 ሜጋባይት ሆነው አንዱ 0 ወይም ጥቂት ኪሎባይት ከሆነ ተገኘ ማለት ነው። በትንሿ ምስል ግን አይታለሉ፤ ካሜራው እሷን ፋይሉ መግቢያ ላይ ለብቻዋ ስለሚያስቀምጣት ዋናው ፎቶ ተበላሽቶም ደህና መስላ ትታያለች። ፋይሉን ከፍተው በሙሉ መጠኑ ሲያዩት ላይኛው ክፍል ብቻ ይታይና ከዚያ በታች ግራጫ ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካሜራው ጽፎ ሳይጨርስ ካርዱ ሲነቀል ወይም ባትሪው ሲያልቅ ነው።

በመጠን ካልተለየ ፋይሎቹን ለሁለት ከፍለው አንዱን ግማሽ ያስገቡ። ያለ ችግር ከገባ ጥፋተኛው ያለው በሌላኛው ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ለሁለት ይክፈሉት። ጥፋተኛው አንድ ከሆነ ከ800 ፎቶ መካከል ቢበዛ በ10 ዙር ይያዛል፤ ደህነኞቹም እግረ መንገዳቸውን ገብተው ያልቃሉ።

እምቢ ያሉት ሁሉም «ሮው» (RAW) ፋይሎች፣ ማለትም ካሜራው ወደ ተለመደው የፎቶ ዓይነት ሳይቀይር በጥሬው የሚያስቀምጣቸው ከሆኑ ግን ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙ ካሜራዎን ገና ስለማያውቀው ያድሱት። ደህና ፋይል እንኳ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ የታመመው ላይብረሪው ነው። በማክ «ፎቶስ» የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሮግራሙን ሲከፍቱ «ኦፕሽን» እና «ኮማንድ» ቁልፎችን አብረው ተጭነው ይያዙ፤ ላይብረሪውን ለመጠገን የሚጠይቅ መስኮት ይመጣል።

የተበላሸው ፎቶ የሚያሳሳዎት ከሆነ ከካርድ ላይ የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣውን «ፎቶሬክ» (PhotoRec) የተባለ ነጻ ፕሮግራም ይሞክሩ፤ ያወጣውን በዚያው ካርድ ላይ ግን አያስቀምጡ። ሁሉም ተገልብጦ ከፍተው ካረጋገጡ በኋላ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉትና ጥቂት ፎቶ አንሥተው ይፈትኑት። እንደገና ፋይል ካበላሸ ይጣሉት።