ጠበሉንም ክኒኑንም

ልጆቼ፣ ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ሥራ ልትጀምሩ ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጅማ ውስጥ በነርስነት 31 ዓመት ሠርቻለሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ በረመዳን አንድ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ኢንሱሊናቸውን ተወግተው ጾመዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰጥተናቸው ነቃ ሲሉ፣ «ማን ጹሙ አልዎት?» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ያውም ልጃቸው ፊት። ዝም አሉ። ለቀጠሯቸውም አልተመለሱም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ አንድ የሰፈራችን ሼህ አስረዱኝ። ቁርኣን በአል በቀራ ምዕራፍ፣ የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ነቢዩ ሙሐመድም አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ የለም ብለዋል። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ በገዛ እምነታቸው አነጋግራቸው ነበር። እናንተ ረመዳን ሳይገባ፣ ከእሱ በፊት ባለው በሻዕባን ወር ጠይቋቸው። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ቀድሞ መስተካከል አለበት። መጾም የማይችሉትም ከሼሃቸው ጋር ይመካከሩ።

ጠበልም አለ። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። ጥቂት ሳምንት ክኒኑን እንደዋጡ ሳላቸው ሲተዋቸው «ድኛለሁ» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። አንዲት ልጅ እግር እናት ግን ሽንቷ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ደነገጠች። ክኒኑን ትታ ጠበል ገባች። ቀለሙ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ነው፤ ቀድሞ የነገራት የለም። የንስሐ አባቷን ሄጄ ለመንኳቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ገልጠው አነበቡላት፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይም አይንቀውም ይላል። «በጠበሉ ዋጪው» አሏት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጠበሏን በሃይላንድ ይዛ እየመጣች ፊቴ ትውጥ ነበር።

አይሁዳዊ ታካሚ አጋጥሞኝ አያውቅም። ግን በ1204 እ.ኤ.አ. ግብፅ ያረፈውን ሙሴ ማይሞኒደስን ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ረቢም ሐኪምም ነበር። ከቤተ መንግሥት ሥራው ደክሞ ሲመለስ፣ ቤቱ በአይሁዱም በሌላውም፣ በወዳጁም በጠላቱም ተሞልቶ እንደሚጠብቀው በደብዳቤው ጽፏል። በሃይማኖቱ ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል።

እንግዲህ ካርዱ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ወንበር ሳብ አድርጋችሁ ተቀመጡ። «ጾም ላይ ነዎት? ጠበል ጀምረዋል? በቁርኣን የሚቀራ ሩቅያስ?» በሉ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ አስታማሚው ወጣ ሲል።